የባትሪ መለኪያ ሲዋዥቅ፦ የኤሌክትሪክ ረብሻን መለየትና ማስወገድ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ፣ የወተት ማቀዝቀዣ ወይም የመጋዘን መብራት ያለው ማኅበር ብዙ ጊዜ በባትሪው ላይ የፍሰት መለኪያ ያስገጥማል። መለኪያው ወደ ባትሪው የገባውን እየደመረ፣ የወጣውን እየቀነሰ፣ የቀረውን ኃይል በመቶኛ ያሳያል። ማታ ማቀዝቀዣው ይሥራ ወይስ ይቁም የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው ይህን ቁጥር በማየት ነው።

ቁጥሩ ሲሳሳት ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። ባትሪው ሳይሞላ “ሞልቷል” ከተባለ ከልክ በላይ ይሠራበታል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ደግሞ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። ባትሪው ሳያልቅ “አልቋል” ከተባለ ማቀዝቀዣው ያለምክንያት ይዘጋል፤ ወተቱም ይበላሻል። ከዚህ የከፋው ግን ጥፋቱ በባትሪው ተሳቦ ገና የሚያገለግል ባትሪ ተጥሎ አዲስ መገዛቱ ነው። ስለዚህ አዲስ ባትሪ ለመግዛት ከመወሰኑ በፊት መለኪያው በሚከተለው ቅደም ተከተል እንዲመረመር እንመክራለን።

2. መለኪያው የሚሠራበት መንገድ

በአብዛኞቹ መለኪያዎች ፍሰቱ የሚለካው ሻንት በሚባል የብረት ቁራጭ ነው። ሻንቱ በባትሪው ኔጋቲቭ መስመር ላይ ይታሰራል። ፍሰት ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል በጣም አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ለምሳሌ “500 አምፔር፣ 50 ሚሊቮልት” የሚል ጽሑፍ ያለበት ሻንት ለ1 አምፔር የሚሰጠው 0.1 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ይህም የአንድ ቮልት አሥር ሺህኛ ክፍል መሆኑ ነው።

በአጠገቡ ያሉት ኢንቨርተርና የቻርጅ መቆጣጠሪያ ግን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ የሚሠሩ ናቸው። ከእነርሱ የሚወጣው ረብሻ በመለኪያው ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ያርፋል። ሁኔታው በወፍጮ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው።

3. ሦስት ዓይነት መዋዠቅ

ሀ) እውነተኛ መዋዠቅ። ኢንቨርተር በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ባለአንድ ፌዝ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ከባትሪው የሚስበው ፍሰት በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ የመለኪያው ስሕተት አይደለም። መለኪያው አማካዩን እንዲያሳይ ከተስተካከለ ይበቃል።

ለ) ሐሰተኛ ግን ሚዛኑን የጠበቀ መዋዠቅ። ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይና በታች እኩል ይወዛወዛል። ዓይን ይረብሻል፤ ሆኖም በጊዜ ብዛት ራሱን ስለሚያጣፋ በድምሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው።

ሐ) ወደ አንድ ወገን ያደላ ስሕተት። አንዳንድ ጊዜ የመለኪያው ማጉያ ፈጣኑን ረብሻ መከታተል ሲያቅተው ወደ ቋሚ ትርፍ ቁጥር ይለውጠዋል። ስሕተቱ 0.3 አምፔር ብቻ ነው እንበል። በ24 ሰዓት 7.2 አምፔር ሰዓት፣ በ10 ቀን 72 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ለ200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህ ከሲሶ በላይ ነው። እንግዲህ ከሚዘለው ቁጥር ይልቅ በተሳሳተ ቦታ ጸጥ ብሎ የቆመው ቁጥር የበለጠ ያሳስባል።

4. የምርመራ ቅደም ተከተል

ጥንቃቄ፦ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቁ። እጀታው በፕላስቲክ የተሸፈነ ቁልፍ ይያዝ። የባትሪው ክፍል አየር ያግኝ፤ እሳትም አይቅረብ። መስመር መለየት ካስፈለገ አስቀድሞ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ መስመር ይዘጋል፤ የባትሪው መስመር የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው።

1ኛ) የዜሮ ፈተና። ፓምፑ፣ ኢንቨርተሩና የቻርጅ መቆጣጠሪያው ሁሉ ከባትሪው ይለዩ፤ መለኪያው ብቻ ይቅር። ዜሮ ማሳየት አለበት። ካላሳየ በመመሪያው መሠረት ዜሮው ይስተካከል። ኢንቨርተር ምንም ሳያሠራ እንኳ ለራሱ ስለሚስብ፣ እርሱ ሳይለይ ዜሮን ማስተካከል እውነተኛ ወጪን መደበቅ ይሆናል።

2ኛ) አንድ በአንድ ማገናኘት። መጀመሪያ የቻርጅ መቆጣጠሪያው፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩ ባዶውን፣ ከዚያ ኢንቨርተሩ ከነሥራው፣ በመጨረሻ ፓምፑ ይገናኝ። በየደረጃው አምስት ንባብ በደብተር ይመዝገብ። ቁጥሩ መዝለል የጀመረው የትኛው ሲገናኝ እንደሆነ ከታወቀ የረብሻው ምንጭ ተገኘ ማለት ነው። ቀን ብቻ የሚታይ ረብሻ ወደ ቻርጅ መቆጣጠሪያው፣ ሌሊትም የሚቀጥል ወደ ኢንቨርተሩ ያመለክታል።

3ኛ) ማመሳከር። ገመዱን አቅፎ የሚለካ ቴስተር ተገኝቶ ንባቡ ከመለኪያው ጋር ይነጻጸር። ቴስተሩ የባትሪ ፍሰትን (ዲሲ) የሚለካ መሆን አለበት፤ ገመዱን ከማቀፉ በፊትም ዜሮው ይስተካከል።

5. መፍትሔዎች

ገንዘብ ከማይጠይቁት እንጀምራለን።

• ብሎኖቹን ማጽዳትና ማጥበቅ። ቀጫጭኖቹ የመለኪያ ሽቦዎች በሻንቱ ትናንሽ ብሎኖች ላይ እንጂ ከወፍራሞቹ ገመዶች ጋር በአንድ ብሎን ሥር መታሰር የለባቸውም። ከላይ የጠቀስነው ሻንት ተቃውሞው 0.1 ሚሊኦም ብቻ ነው። የዛገ ብሎን ይህኑ ያህል ተቃውሞ ጨምሮ ከልኬቱ ውስጥ ከገባ ንባቡ እጥፍ ይሆናል።

• የመለኪያ ሽቦዎቹን እርስ በርስ መግመድ። ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ገመድ ሲጠማዘዙ ረብሻው በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ይጣፋል። አጭር ይሁኑ፤ ከኢንቨርተሩ ገመድም ይራቁ። መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀለኛ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ።

• ወፍራሞቹን ገመዶች ማቀራረብ። የኢንቨርተሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ገመዶች ጎን ለጎን ቢታሰሩ ወደ ውጭ የሚያሰራጩት ረብሻ ይቀንሳል።

• የኔጋቲቭ መስመሮችን መቁጠር። በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ላይ ወደ ሻንቱ ከሚሄደው ገመድ በስተቀር ሌላ መስመር አይታሰር። አንድ መብራት እንኳ በአቋራጭ ቢታሰር ወጪው አይመዘገብም። ወደ መሬት የሚወርደው ገመድም ከሻንቱ ወዲያ፣ በዕቃዎቹ በኩል፣ በአንድ ቦታ ብቻ ይያያዝ።

• በመግነጢስ የሚለካ ቀለበት ከሆነ። ገመዱ በቀለበቱ መካከል ይለፍ፤ ሌሎች ወፍራም ገመዶች ይራቁለት።

• ማጣሪያ። ከላይ ያሉት ሁሉ ተሠርተው ረብሻው ካልቆመ ብቻ ባለሙያ ማጣሪያ ያስገባ። ያለስሌት የገባ ማጣሪያ ራሱ ስሕተት ሊጨምር ይችላል።

6. ውጤቱን ማረጋገጥ

ባለ12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሳይሞላና ሳይሠራ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ገደማ ካሳየ ወደ ግማሽ ወርዷል። መለኪያው ከዚህ ጋር እጅግ ከተራራቀ ምርመራው ይደገም። የሊትየም ፎስፌት ባትሪ ቮልቴጅ ግን በአብዛኛው ሥራው ብዙም ስለማይለዋወጥ በዚህ መንገድ አይመዘንም። ስለዚህ በየጊዜው እስከ ጫፍ ተሞልቶ የመለኪያው ንባብ ወደ 100 በመቶ ይመለስ።

7. ማሳሰቢያ

ማኅበሩ ለባትሪው አንድ ደብተር ይክፈት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ የመለኪያው መቶኛ፣ የባትሪው ቮልቴጅና በዚያ ሰዓት የሚሠሩት ዕቃዎች ይጻፉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በጉብኝቱ ወቅት ደብተሩን ይመልከት። “ባትሪው ሞቷል” የሚል ጥያቄ ለማኅበሩ ጉባኤ ሲቀርብም የዜሮው ፈተናና የማመሳከሪያው ውጤት ተያይዞ እንዲቀርብ ያድርግ።