ስለ ድንገተኛ ፍርሃትና ስለ ደም ምርመራ

ዛሬ የምንማረው ብዙ ሰው ለንስሐ አባቱ እንኳ ለመናገር ስለሚያፍርበት ሕመም ነው። ሰውየው በሰላም ገበያ ውሎ፣ ወይም ቆሞ ሲያስቀድስ፣ ድንገት ልቡ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያልበዋል፤ «መሞቴ ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበረታና ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ይመለስብኛል እያለ ከገበያም ከማኅበርም ይቀራል። ሐኪሞች ይህን ፓኒክ ይሉታል።

እኛ የጫግኒ ሰዎች ፍርሃትን ከሩቅ አናውቀውም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ራንች መጠለያ ሲሰፍሩ አይተናል። ሞትን በዓይኑ ያየ ሰው ሌሊት ሲባንን እምነት ጎደለው ብሎ መፍረድ ትልቅ በደል ነው። ምንም ሳያይ የሚያመውም አለ፤ በእርሱም አይፈረድም።

ምክንያቱን ከትምህርታችን እንመልከት። ሰው አራት ባሕርያተ ሥጋና ሦስት ባሕርያተ ነፍስ አሉት፤ ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነፍስ ስትደነግጥ ሥጋ ዝም አይልም። ከኩላሊት በላይ ያለች ዕጢ አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ትለቃለች፤ ልብን የሚያስሮጠው እርሱ ነው። ጌታችንም ከኃጢአት በቀር ባሕርያችንን ሁሉ ስለተዋሐደ በጌቴሴማኒ ተጨነቀ፤ ወዙም እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። የወዙን ነገር ከአራቱ ወንጌላውያን የጻፈልን ሐኪሙ ሉቃስ ብቻ ነው። እንግዲህ መጨነቅ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በእርሱ ባልታየ ነበር።

«ፍርሃት ወደ ደም ከገባ፣ ደም ሲመረመር ለምን አይገኝም?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንቱም ብዙ ደክመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒትስና ማክሉር የተባሉ ተመራማሪዎች ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሲሰጡ፣ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ከጤነኞቹ ይልቅ በብዛት ሕመሙ ተነሣባቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ኒኩሌስኩና ባልደረቦቹ የጭንቀትን ብርታት ሊጠቁሙ የሚችሉ ምልክቶችን ደም ውስጥ ካሉ የዘረ መል ሥራዎች አሳተሙ። ተስፋ ሰጪ ጅምር ነው። ሆኖም ኮርቲዞልን የመሰለው ቅመም እንቅልፍ ያጣውም የተጣላውም ሰው ደም ውስጥ ከፍ ስለሚል ለብቻው ሕመሙን አይለይም። እስከ ዛሬ ሐኪም ፓኒክን የሚለየው ጠይቆና አዳምጦ ነው።

ታዲያ ደም የሚቀዳው ለምንድን ነው? ፓኒክን የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች ስላሉ። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ፣ ደም ሲያንስ፣ ስኳር ሲወርድ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። «ደምህ ንጹሕ ነው» ማለት እነዚህ አልተገኙብህም ማለት ነው እንጂ ውሸታም ነህ ማለት አይደለም፤ ጋኔን አለብህ ማለትም አይደለም። ይህን ሳይረዱ ላም ሸጠው ከእንጅባራ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያንኑ ምርመራ እያስደገሙ የሚንከራተቱ ወገኖች ያሳዝኑኛል። የሚያስፈልጋቸው ሕክምና ሌላ ነውና፤ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የምክር ሕክምናና፣ ሲያስፈልግ መድኃኒት።

መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል፣ ወይም ጠበል ስለጀመሩ ማቋረጥ ስሕተት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል፤ ጠበሉንም ክኒኑንም ከአንድ እጅ ተቀበሉ።

እንዲህ የሚያማችሁ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የልብ ምቱን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የምትጠጡትን ቡናና አረቄ ሳይቀር ለሐኪሙ ንገሩ። ቤተሰብም አብራችሁ ሂዱ፤ ታማሚውን ብቻውን አትላኩት።