«ሚቲንክስ» ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የሼክስፒርን ተውኔቶች በእንግሊዝኛ ሳነብ «ሚቲንክስ» የሚል ቃል ደጋግሞ ይገጥመኛል። «አስባለሁ» ማለት ከሆነ ለምን «አይ ቲንክ» አልተባለም? የሰዋስው ስሕተት ነው?

መልስ፦ ስሕተት አይደለም። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ድምፃቸው የተቀራረበ ሁለት ግሦች ነበሩት፦ «ቴንቻን» ማለት ማሰብ፣ «ቲውንቻን» ማለት ደግሞ መስሎ መታየት። «ሚቲንክስ» የተገኘው ከሁለተኛው ነው። «ሚ» የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሳይሆን «ለእኔ» ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» ደግሞ የሦስተኛ መደብ ነጠላ ምልክት ናት። ስለዚህ ቃሉ «አስባለሁ» ሳይሆን «ይመስለኛል» ነው። አማርኛውም የተዋቀረው እንዲሁ ነው፦ «ይ-» ሦስተኛ መደብን፣ «-ኝ-» እኔን ያመለክታሉ። የኃላፊ ጊዜው «ሚቶት» ሲሆን «መሰለኝ» ማለት ነው።

በመካከለኛው ዘመን የሁለቱ ግሦች ድምፅ እየተቀላቀለ ሄደ። «ማሰብ» የሚለው ትርጉም ጸና፤ የሌላውን ቦታ ከጥንታዊ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የተወረሰው «ሲም» ያዘው። የ«ቲውንቻን» ዘመድ በጀርመንኛ «ዲውንከን» ተብሎ አለ፤ እሱም ዛሬ ያረጀ ቃል ነው።

እንግዲህ ሲያነቡም ሆነ ሲተረጉሙ «ይመስለኛል» ይበሉት።