ስለ ራስ መናገር ጉራ ነው?

ጥያቄ፦ ላሊበላ በሚገኝ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ሆቴል ሠርቼ አላውቅም፤ ስለ ራሴ ማውራትም ይከብደኛል። እንዴት ልዘጋጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ታታሪ ነኝ፣ ከሰው እግባባለሁ» የሚለውን ከአንቺ በፊት የገባውም በኋላ የሚገባውም ይለዋል። አንቺ ፀባይሽን ትተሽ ያደረግሽውን ተናገሪ። ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው እንዳሳዩት፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ መልሱ በነጥብ የሚመዘንበት ቃለ መጠይቅ፣ እንዲሁ ከሚደረግ ጭውውት በተሻለ የወደፊቱን የሥራ ብቃት ይጠቁማል። እንዲህ ያለው ጠያቂ ነጥብ የሚሰጠው ለሚጨበጥ ነገር ነው። በገና ሰሞን ቤታችሁ ምዕመናን አርፈው ከሆነ እሱም ልምድ ነው፤ ስንት ሰው መጣ? መኝታ ሲጠብ ምን ዘየድሽ? የታመመ እንግዳን እንዴት አስታመምሽ? ይህን በሁለት ደቂቃ መናገር ተለማመጂ።

«ጉራ አይሆንብኝም?» ትይ ይሆናል። ሥጋትሽ ይገባኛል፤ ጨዋ ሰው ራሱን አያወድስም ተብለን ነው ያደግነው። ነገር ግን ጠያቂው ያላየውን ሥራ ካልነገርሽው ከየት ያውቀዋል? ጉራ የሚሆነው ያልሠሩትን ሲጨምሩበት ነው። እናትሽ የሠራችውን የእናትሽ፣ አንቺ የሠራሽውን የአንቺ አድርገሽ ንገሪያቸው።

ስለ ከተማዋም መጠየቅሽ አይቀርም። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ቢመጣ፣ ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የትኞቹን እንዲያስቀድም ትመክሪዋለሽ? ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ ተነጥሎ እንደሚገኝ፣ ከ11ዱ የማይቆጠረው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከከተማ ውጭ በመኪና እንደሚኬድበት አስበሽ መልሱን ከወዲሁ አዘጋጂ።