ሊንክ ሲጠቀስ ወሬውን ማን ያደርሳል?

ጥያቄ፦ አንድ ጸሐፊ የሌላውን ጽሑፍ በሊንክ ሲጠቅስ ባለጽሑፉ በምን ያውቃል?

መልስ፦ ወሬውን የሚያደርሱት ሰርቨሮቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲክስ አፓርት የተባለ ኩባንያ «ትራክባክ»ን አወጣ። የጠቃሹ ሰርቨር መልእክት ይልካል፣ የተጠቃሹ ይቀበላል፤ ማጣራት ግን አልነበረበትም። አይፈለጌ ማስታወቂያ ላኪዎች ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?

«ፒንግባክ» የተባለው ሌላ ዘዴ ግን ጠንቃቃ ነው፤ መልእክቱ ሲደርሰው ወደ ጠቃሹ ገጽ ሄዶ ሊንኩ በእርግጥ መኖሩን ያያል። የሚገርመው፣ ጦሱም ከዚሁ ጥንቃቄ መጣ። በ2014 አጥቂዎች ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ ማዘጋጃ ለተሠሩ ከ162,000 በላይ ድረ ገጾች «ይህ ገጽ ጠቅሷችኋል» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ላኩ። ሁሉም ሊያጣሩ ሲሮጡ ጠቀሰ የተባለውን ድረ ገጽ አጨናነቁት።

በ2017 የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ያጸደቀው «ዌብሜንሽን» ቀለል ይላል፤ የሁለቱን ገጾች አድራሻ ብቻ ይልካል።

ዎርድፕረስ የሚጠቀም ሰው ፒንግባክ ካላስፈለገው ቢያጠፋው ይሻላል።