የወሩ ቃል፦ አዚሙዝ

የዚህ ወር የእንግሊዝኛ ቃላችን «አዚሙዝ» ነው። ሲቪሎች ሰርቬይንግ ላይ፣ ኤሌክትሪካሎች ደግሞ በሶላር ፓኔልና በአንቴና አተካከል ያገኙታል። ሌሎቻችሁም ሳታውቁት ታዩታላችሁ፤ በስልካችሁ የቂብላ አፕ ላይ የሚጻፈው የዲግሪ ቁጥር እሱ ነው።

አዚሙዝ ማለት ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት መርፌ አዞር በአግድም የሚለካ ማዕዘን ነው። ሰሜን 0፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270። ከ«ቤሪንግ» ጋር አታምታቱት። ብዙ የሰርቬይንግ መጻሕፍት ቤሪንግን ከሰሜን ወይም ከደቡብ ጀምረው እስከ 90 ብቻ ይለኩታል። ከሰሜን 10 ዲግሪ ወደ ምዕራብ የተባለ ቤሪንግ አዚሙዙ 350 ነው። አንዳንድ የሶላር ሶፍትዌሮች ደግሞ 0ን ደቡብ ላይ ያደርጋሉ፤ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ይህን እዩ።

መድረሳ ለቀራ ሰው ቃሉ ባዳ አይደለም። «ሰምት» በዐረብኛ አቅጣጫ፣ መንገድ ነው፤ ብዙ ቁጥሩ «ሱሙት»። «አስ-ሱሙት» በላቲን በኩል አልፎ አዚሙዝ ሆነ። «ዜኒዝ»ም የዚሁ ቃል ልጅ ነው፤ «ሰምት አር-ረእስ»፣ ከራስ በላይ ያለው ነጥብ። ተቃራኒው «ናዲር» ከ«ነዚር» መጣ። እነዚህ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ለሰው ሕይወትም ይነገራሉ፦ ዜኒዝ የስኬት ጫፍ፣ ናዲር የውድቀት መጨረሻ። አዚሙዝን ግን ድርሰት ላይ «ዓላማ» ለማለት አትጠቀሙበት፤ የመለኪያ ቃል ብቻ ነው።

አል-ቢሩኒ በ1025 በጨረሰው መጽሐፉ የጋዝናን ከተማ ቂብላ በኬንትሮስና በኬክሮስ አስልቷል። በዚያው መንገድ ስናሰላ የሆሳዕና ቂብላ 8 ዲግሪ ገደማ ይወጣል፤ ዱራሜ 7፣ አዲስ አበባ 5፣ ጅማ 12፣ ሐረር 350። ስለዚህ ሐረር ያደገ ወንድማችን በለመደው፣ ከሰሜን ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚህ ከቆመ 18 ዲግሪ ይስታል። ከመካ ለራቀ ሰው አቅጣጫው ይበቃል የሚሉ ዑለማኦች ብዙ ናቸው፤ በሻፊዒያ ዘንድ ግን ወደ ካዕባው ራሱ ለመቅናት መጣር የሚለው ይጠነክራል። ፍርዱን ለኡስታዞቻችን እንተወው፤ ልኬቱ ግን የእኛ ሥራ ነው።

በዶርም የብረት አልጋ ላይ አስቀምጣችሁ በስልክ ኮምፓስ አትከራከሩ፤ ብረት መርፌውን ያስታል። የተሻለው ፀሐይ ናት። ግንቦት 19 ወይም 20፣ ቀን 6:18 ገደማ፣ ፀሐይ ልክ በካዕባ ዜኒዝ ላይ ትሆናለች፤ የመካ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። ባለ 2 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ብትተክሉ ግማሽ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። ሐምሌ 8 ወይም 9፣ 6:27 ላይም ይደገማል፤ ግን በሆሳዕና ክረምት ፀሐይ ማን አይቶ! ግንቦት ላይ እንጨት፣ ገመድና ኖራ ይዘን መስገጃችንን እንለካለን ኢንሻአላህ።