ያገለገለ ፍሪጅ እውነት ርካሽ ነውን? ከጋና ወደብ የተገኘ ትምህርት

እንደሚታወቀው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፡፡ አንደኛው ሱቅ ውስጥ ሻጭና ገዢ ተከራክረው የሚቆርጡት ሲሆን ሁለተኛው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ቆጣሪው በየወሩ የሚያስከፍለው ነው፡፡ አምፖልን በመሰለ ትንሽ ዕቃ ላይ ሁለተኛውን ዋጋ ልብ የሚለው ሰው የለም፡፡ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በሚሠራው ፍሪጅ ላይ ግን ሁለተኛው ዋጋ ከአንደኛው ሊበልጥ ይችላል፡፡ ይህን ሒሳብ በአገር ደረጃ አስልታ፣ ያገለገለ ፍሪጅ በወደቧ እንዳይገባ በሕግ የከለከለችው ጋና ናት፡፡ በዚህ ውሳኔ የከሰሩ አስመጪዎች እንዳሉ ሁሉ የተጠቀሙም አሉ፡፡ (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ጋና ለብዙ ዓመታት የኖረችው በ1965 ተሠርቶ ባለቀው የአኮሶምቦ ግድብ ኃይል ነው፡፡ በ1998 እና እንደገና በ2006ና በ2007 የቮልታ ሐይቅ ውሃ በመቀነሱ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ለማዳረስ ተገደደች፡፡ የፈረቃን ነገር ለአዲስ አበባ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም፡፡ መንግሥት በ2007 ስድስት ሚሊዮን ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ገዝቶ በነባሮቹ ምትክ በነፃ አደለ፡፡ በኋላ በተደረገው ግምገማ ሕዝቡ መብራት በብዛት በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት የኃይል ፍላጎቱ በ124 ሜጋ ዋት ቀንሶ ተገኘ፡፡ የዚህን ያህል ኃይል በናፍጣ ለማመንጨት ቢታሰብ የጄነሬተሩም የነዳጁም ወጪ ከአምፖሎቹ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፡፡

አምፖሉ ቀላሉ ሥራ ነበር፡፡ ከባዱ ፍሪጁ ሆነ፡፡

አሮጌው ፍሪጅ ከየት ይመጣል?

በሀብታም አገሮች የፍሪጅ ታሪክ ለነጋዴ የሚገርም ነው፡፡ በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ አዲስ ፍሪጅ በዓመት በአማካይ 1,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላ ነበር፡፡ በመጀመሪያ የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ በኋላም የፌዴራሉ መንግሥት ከዚህ በላይ የሚበላ ዕቃ አይሸጥም የሚል ወለል አበጁ፡፡ ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢያጉረመርሙም የተሻለ ኮምፕረሰርና ወፈር ያለ የሙቀት መከላከያ ግድግዳ መሥራቱን ተያያዙት፡፡ በ2001 ሥራ ላይ በዋለው ደረጃ ፍጆታው ወደ 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ወርዷል፡፡ ፍሪጁ ግን በመጠን አላነሰም፣ ዋጋውም አልናረም፡፡ የአውሮፓ ኅብረትም በ1995 ዕቃዎችን በፊደል ደረጃ የሚለይ መለያ ወረቀት ማስለጠፍ ጀመረ፡፡ በ1999 ደግሞ ዝቅተኛ የብቃት ደረጃ አወጣ፡፡

አውሮፓዊው ቤተሰብ አዲሱን ሲገዛ አሮጌው የት ሄደ? በአውሮፓ አሮጌ ፍሪጅ መጣል ወጪ አለው፡፡ ጋዙ በባለሙያ ተመጥጦ መውጣት፣ አረፋውም ተለይቶ መወገድ አለበት፡፡ ስለሆነም ከማስወገድ ይልቅ ኮንቴይነር ውስጥ ደርድሮ ወደ አፍሪካ መላክ የሚያዋጣ ንግድ ሆነ፡፡ የቴማ ወደብ ከዋነኞቹ መራገፊያዎች አንዱ ነበር፡፡ በጋና በተደረገ ጥናት በየቤቱ ያሉት ፍሪጆች በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ሲበሉ ተገኙ፡፡ ከ300 ባነሰ የሚሠራ አዲስ ፍሪጅ በዓለም ገበያ ላይ እያለ መሆኑ ነው፡፡ ላኪው አገር ኃይል ቆጣቢ ሆኛለሁ ብሎ ሲመዘገብ ብክነቱ አልጠፋም፤ አድራሻውን ቀይሮ አክራ ገባ እንጂ፡፡

እስቲ ለምሳሌ ያህል በብር እናስላው፡፡ አሮጌው ፍሪጅ ከአዲሱ በ10,000 ብር ይረክሳል እንበል፡፡ የፍጆታው ልዩነት በዓመት 900 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፡፡ ኪሎ ዋት ሰዓቱን 6 ብር ብናደርገው ልዩነቱ በዓመት 5,400 ብር ይሆናል፡፡ ስለሆነም ገዢው ያተረፈው 10,000 ብር ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ ኪሳራ ነው፡፡ ታሪፉ ወደ 2 ብር ቢወርድ ግን ገንዘቡን ለመጨረስ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ይፈጃል፡፡ መንግሥት መብራትን በድጎማ በሚያቀርብበት አገር ገዢው ስለ ፍጆታ የማይጠይቀው ለዚህ ነው፡፡ ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ሳይሆን ግምጃ ቤቱ ነውና፡፡

ሕጉና አስመጪው

ጋና በ2005 ለአየር ማቀዝቀዣና ለኃይል ቆጣቢ አምፖል ዝቅተኛ ደረጃ አወጣች፡፡ በዕቃው ላይ ከአንድ እስከ አምስት ጥቁር ኮከብ ያለው መለያ እንዲለጠፍም አዘዘች፡፡ ኮከቡ በበዛ ቁጥር ዕቃው ቆጣቢ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ገዢም ቢሆን ይረዳዋል፡፡ በዚህ ሥራ የአሜሪካው የሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ ባለሙያዎችና በየአገሩ የዕቃ ደረጃ እንዲወጣ የሚረዳው ክላስፕ የተባለው ድርጅት እገዛ አድርገዋል፡፡ በ2008 ያገለገለ ፍሪጅ፣ ያገለገለ ማቀዝቀዣና የድሮው አምፖል እንዳይገቡና እንዳይሸጡ የሚከለክለው ደንብ ወጣ፡፡ በፍሪጆቹ ላይ በሙሉ ኃይሉ ተፈጻሚ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ነው፡፡

ለነጋዴው ትልቁ ቁም ነገር በመካከል ያለው አራት ዓመት ነው፡፡ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴዎች እገዳውን ተቃውመዋል፡፡ ክርክራቸውም ከንቱ አልነበረም፡፡ በዚህ ንግድ የሚተዳደሩት አስመጪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጠጋኞች፣ ተሸካሚዎችና ቸርቻሪዎችም ነበሩ፡፡ አዲስ ፍሪጅ መግዛት የማይችለው ደሃ ቤተሰብስ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄም ተነሥቷል፡፡ ሆኖም ያ ጊዜ ክምችቱን ለመጨረስና ከአዲስ ዕቃ አምራቾች ጋር ውል ለመያዝ የሚበቃ ነበር፡፡ መንግሥት ልቡን ይመልሳል ብለው የጠበቁት ግን በ2013 ዕቃቸው ወደብ ላይ ተያዘባቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ፍሪጆች ተወርሰው እንዲፈርሱ ተደርጓል፡፡

ለደሃው ቤተሰብ የተሰጠው መልስ በ2012 የተጀመረው የልውውጥ ፕሮግራም ነው፡፡ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና ዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ ደግፈውታል፡፡ አሮጌ ፍሪጁን ያስረከበ ሰው ለአዲሱ የዋጋ ቅናሽ ያገኛል፤ አሮጌው ጋዙ ተመጥጦ ይፈርሳል፡፡ ሐሳቡ መልካም ነበር፡፡ ነገር ግን የተለወጡት ፍሪጆች ወደ 10,000 ገደማ ብቻ ሲሆኑ በአገሪቱ ያሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነበሩ፡፡ ገበያውን የለወጠው እርዳታው ሳይሆን የወደቡ በር ነው ማለት ይቻላል፡፡

ጋዙ ሌላ ሒሳብ ነው

የአሮጌ ፍሪጅ ጉዳት በመብራት ብቻ አያበቃም፡፡ በቧንቧው ውስጥ የሚዘዋወረው አር-12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሳ ሲሆን አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ረገድ 10,000 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይስተካከላል፡፡ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ይህን የጋዝ ቤተሰብ በታዳጊ አገሮች ሳይቀር በ2010 ከገበያ አስወጥቶታል፡፡ ስምምነቱ የሠመረበት ምክንያት ለነጋዴ ግልጽ ነው፡፡ አንደኛ፣ ስምምነቱን ካልተቀበለ አገር ጋር በጋዙ መነገድን ይከለክላል፡፡ ሁለተኛ፣ ሀብታም አገሮች የሚያዋጡበት ልዩ ፈንድ ስላለው የታዳጊ አገር ፋብሪካ መሣሪያውን ሲለውጥ ወጪው ይሸፈንለታል፡፡ ብዙዎቹ የአየር ንብረት ውሎች በተስፋ ቃል ሲቀሩ ይኸኛው በገንዘብና በጉምሩክ ሠርቷል፡፡

ቀጥሎ የመጣው በኦክቶበር 2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ የተፈረመው የኪጋሊ ማሻሻያ ነው፡፡ ማሻሻያው ኦዞንን ባይነኩም ምድርን የሚያሞቁትን ኤችኤፍሲ የተባሉ ጋዞች፣ ማለትም ዛሬ በብዙ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን አር-134ኤን ጭምር፣ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፡፡ ኢትዮጵያ በ2019 አጽድቃዋለች፡፡ እሷ ባለችበት ምድብ ፍጆታው ከ2024 ጀምሮ ባለበት እንዲቆም፣ በ2029 በ10 በመቶ፣ በ2045 ደግሞ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ተወስኗል፡፡ የማሻሻያው ተዋዋዮች ጋዝ መለወጡ ብቻውን እንደማይበቃና የኃይል ብቃትም አብሮ መሻሻል እንዳለበት ተስማምተዋል፡፡ በ2023 ዱባይ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባዔም ከ120 በላይ አገሮች በኃይል ቁጠባ የሚያሳዩትን ዓመታዊ መሻሻል እስከ 2030 በእጥፍ ለማሳደግ ቃል ገብተዋል፡፡

“አዲስ” ማለትስ ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ አስመጪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፡፡ ያገለገለ ዕቃ መከልከሉ የተጣለ ዕቃን አያስቀርም፡፡ ክላስፕ ከሌላ ድርጅት ጋር በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በአሥር የአፍሪካ አገሮች ከሚሸጡት የክፍል አየር ማቀዝቀዣዎች 35 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛ ብቃት ያላቸው ናቸው፡፡ እነዚህ በካርቶን ታሽገው የሚመጡ አዲስ ዕቃዎች ናቸው፡፡ ብዙዎቹ ግን ክፍላቸውን በሚያመርተው አገር ውስጥ ሕጉ ስለሚከለክል ሊሸጡ የማይችሉ ናቸው፡፡ እንግዲህ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ዕቃ ሁሉ አዲስ አይደለም፡፡

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ነገሩ የራሱ መልክ አለው፡፡ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ስለሚገኝ እዚህ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መቆጠብ በጭስ ረገድ ብዙ ለውጥ አያመጣም፡፡ በዶላር ረገድ ግን ያመጣል፡፡ ኢትዮጵያ ከ2022 ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ስትሸጥ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፡፡ አንድ አሮጌ ፍሪጅ በከንቱ የሚያቃጥለው 900 ኪሎ ዋት ሰዓት ድንበር ቢሻገር 58 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያወጣል ማለት ነው፡፡ ይህ በመስመር ላይ የሚባክነው ሳይቀነስ ነው፡፡ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ቢያመነጭም፣ አገር ውስጥ የሚባክነው ኃይል ለጎረቤት የማይሸጥ መሆኑን አይለውጠውም፡፡

የኃይል ብቃትን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጥቶ ነበር፡፡ (የአዋጁ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፡፡) በአገራችን ከፍሪጅ ይልቅ ብዙ ኃይል የሚስበው ምጣድ ነው፤ አንዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፡፡ ይህን የሚያሻሽልልን የአውሮፓ ደረጃ ስለሌለ ሥራው የራሳችን ሆኖ ይቀራል፡፡ ደረጃ ሲወጣ ነጋዴው የሚያገኘው ጊዜ ረዥም ይሆናል ብሎ ማሰብ ግን አያዋጣም፡፡ በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል የጋናውን ያህል አራት ዓመት የታገሠ የለም፡፡

ከአቅራቢ ጋር ውል ከመያዙ በፊት በዕቃው ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ ፎቶግራፍ ማስላክ ምንም ወጪ የለውም፡፡ የዓመት ፍጆታው በመለያው ወረቀት ላይ፣ የጋዙ ስም ደግሞ በሰሌዳው ላይ ይገኛል፡፡ ለፍሪጅ አር-600ኤ የሚል ከተጻፈ ከኪጋሊ ቅነሳ ውጪ ነው፤ ነገር ግን ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ የሠለጠነ ጠጋኝ ይፈልጋል፡፡ ለአየር ማቀዝቀዣ አር-22 የሚል ከሆነ መጠንቀቅ ያሻል፡፡ የሞንትሪያል ስምምነት የዚህን ጋዝ አቅርቦት ለታዳጊ አገሮች በ2020 በ35 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ በ67.5 በመቶ እንዲቀንስ አድርጓል፡፡ በ2030 ለጥገና ከሚተወው ጥቂት በስተቀር ይቆማል፡፡ ዛሬ የሚገዛው ማቀዝቀዣ ግን ከ2030 በኋላም ለዓመታት ጋዝ ይፈልጋል፡፡