የኤሌክትሪክ መሥመር ጎዳናን ቢከተል

የከፍተኛ ቮልት መሥመር በየት በኩል ይዘርጋ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። መሥመሩ የሚያልፈው በገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ ብርሃኑም ለሁሉ ሊደርስ ይገባዋል። ስለዚህ ነገሩን በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ምሳሌነት እንመርምረው።

አስቀድመን ኃይል ለምን በከፍተኛ ቮልት እንደሚላክ እናስታውስ። የሚላከው ኃይል ሳይለወጥ ቮልቱ እጥፍ ቢሆን በሽቦው የሚያልፈው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል፤ በሙቀት የሚባክነውም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን የተዘረጋው መሥመር 230 ኪሎ ቮልት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህም መሥመር እንደ መኪናው መንገድ ሁሉ ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ ወደ መተማ ይወርዳል።

ጎዳናን መከተል ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብረቱ፣ ሲሚንቶውና የሽቦው ጥቅል በጭነት መኪና ከምሰሶው አጠገብ ይደርሳል። ሽቦ ቢበጠስ ጠጋኙ ፈጥኖ ይደርስለታል። አዲስ ጥርጊያ ስለማያስፈልግም እርሻና ደን ይተርፋል።

ይሁን እንጂ የጎዳናና የሽቦ ጠባይ ለየቅል ነው። መኪና ዳገት ስለሚከብደው መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ሽቦ ግን ከጉብታ ወደ ጉብታ ገደሉን ይሻገራል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ያወጡት የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ በታች እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መሥመር እያንዳንዱን ጥምዝ ይከተል ቢባል በየማዕዘኑ የሽቦውን ጉተታ የሚችል ከባድ ምሰሶ ያሻል፤ ወጪውም ይበዛል። ከዚህም ሌላ ምሰሶ ከመንገዱ ጥግ ከተተከለ፣ መንገዱ በሚሰፋበት ጊዜ ተነቅሎ እንደገና መተከሉ አይቀርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው። 230 ኪሎ ቮልት በቀጥታ ቤት አይገባም። በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያም በመንደሩ ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት መውረድ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሽቦው በማሳው ላይ ያልፋል፤ ገበሬው ግን በኩራዝ ያመሻል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን ለሚለቅ ሰው ካሳ እንዲከፈል ያዛል፤ ካሳ ግን መብራት አይሆንም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ማለት ይህ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ዋናውን መሥመር የሚሠራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለመንደር የሚያከፋፍለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሥራዎች አብረው ካልታቀዱ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይኖራል።

ስለዚህ አስተያየታችን የሚከተለው ነው። ዋናው መሥመር የጎዳናውን አቅጣጫ ይከተል እንጂ ጥምዙን አይከተል፤ ለመንገዱ መስፊያም ቦታ ይተውለት። ሕዝቡ የሰፈረው በጎዳናው ዳር ነውና የማከፋፈያው ሽቦ ግን ጎዳናውን ተከትሎ፣ ከዋናው መሥመር ጋር በአንድ ዕቅድና በአንድ በጀት ይዘርጋ። ከእኛ መካከል ነገ ቀያሽና መሐንዲስ የሚሆኑ አሉና ካርታውን ሲዘረጉ ተራራውን ብቻ ሳይሆን መንደሩንም ይቁጠሩ።